የተሰረዘው ሠርግ ወዴት ሄደ?

ያለዕድሜ ጋብቻን የሚከላከሉ ፕሮግራሞች ዘገባ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቁጥሮች ይደምቃል፦ በሠለጠኑ ሰዎችና በተሰረዙ ሠርጎች። ሁለቱም የተሠራውን ሥራ እንጂ የልጅቱን ዕጣ አይናገሩም። ዘንድሮ የተሰረዘ ሠርግ ለከርሞ ሊደገስ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ፕሮግራሙ ለልጃገረዶች የትምህርት ቁሳቁስ ያቀርብ፣ ሳያገቡ የቆዩትን በቤት እንስሳ ይሸልም ነበር። ገምጋሚዎቹ ውጤቱን ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር አነጻጸሩ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የማግባት ዕድላቸው ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ግን ጋብቻ ከማነጻጸሪያው አካባቢ በዝቶ ታየ። ለአንዳንዶቹ ጋብቻው ዘገየ እንጂ የቤተሰብ ሕጉ የደነገገውን 18 ዓመት እስኪሞሉ አልቆየም ይሆናል። ይህን ጥያቄ የሥልጠና ቆጠራ ጨርሶ ባላስነሣው ነበር።

ስለዚህ ለጋሽ መንግሥትም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ሠርግ ተሰረዘ?» ብሎ ሳይሆን «ልጅቱ 18 ዓመት ሲሞላት የት ነበረች?» ብሎ ነው። መልሱ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ የረዘመ ክትትል ይሻል፤ ወጪውም ከመነሻው በበጀት ሊያዝ ይገባል።