የቀፊራ ወታደርና የእኛ የአንድ ቀን እንጀራ



ባለፈው ሰንበት ከማኅበራችን አባሎች ጥቂቶቻችን በቀፊራ ገበያ በር አጠገብ ድስት ጥደን፣ ቤት አጥተው በጎዳና ለሚያድሩ አሮጌ ወታደሮች ምሳ ማብላታችን የሚታወቅ ነው። ልብስ ተሰጥቷል፤ ፎቶግራፍም ተነሥቷል። ፎቶግራፉ ከወጡ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዷል ብል የሚቈጣኝ አይኖርም፤ እኔም ከተነሡት አንዱ ነኝና። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ያን ቀን ስለ ተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ አሳቤን ለመግለጽ ነው።

ከበሉት መካከል አንድ እግራቸው ከጕልበት በታች የተቈረጠ ሽማግሌ ነበሩ። ሰዎቹ «ሃምሳ አለቃ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። እግራቸው ናቅፋ ቀርታለች። ሳህኑን ስሰጣቸው «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉና ጥቂት ቈይተው፣ «ከናንተ ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፍ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ከኪሳቸውም በፌስታል የተጠቀለለ፣ ላብ የበላው፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ የአገልግሎት ማስረጃ አወጡ። ይህን ይዘው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ቢሄዱ «በመጀመሪያ መታወቂያ ያምጡ» ተባሉ። መታወቂያ ወደሚሰጠው ቢሮ ቢሄዱ ደግሞ የቤት ቍጥር ተጠየቁ። «የቤት ቍጥር ቢኖረኝ ኖሮ እናንተ ዘንድ ምን ያመጣኛል? አልኳቸው» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ለመሳቅ አልቻልኩም፤ በእጄ የያዝኩት ጭልፋ ብቻ ነበር።

ድሬዳዋ ለወታደር እንግዳ አይደለችም። የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት በባቡር ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚህችው ከተማ በኩል ነው። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ታንክ አሰልፎ በመጣ ጊዜ ከተማዋ ሳትያዝ የቀረችው ስማቸውን በማናውቃቸው ሰዎች ደም ነው። ኮሪያ የዘመቱትን የኮሪያ ሰዎች እስከ ዛሬ ያስታውሷቸዋል፤ ለልጅ ልጆቻቸው እንኳ የትምህርት ርዳታ ይሰጣሉ። በገዛ አገሩ የተዋጋውን ማን ያስታውሰው?

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የፈረሰው ጦር ወደ 455,000 የሚጠጋ ሰው ነበር። ለማቋቋሚያው ኮሚሽን ተመሥርቶ ብዙ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ወደ ገጠር የተመለሰው መሬት ሲያገኝ፣ ከተማ የቀረው ሰው ሥራ ከሌለው ሕዝብ ጋር ተቀላቀለ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተደረገው የኤርትራ ጦርነት በኋላም እንደ ገና በብዙ ሺህ የሚቈጠር ወታደር ተሰናበተ። አሁን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የተሃድሶ ኮሚሽን ከ371,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመመለስ አቅዶ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራውን ጀምሯል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች ናቸው። ስለዚህ የቀፊራው ነገር ከሽማግሎቹ ጋር አብሮ የሚቀበር ነገር አይደለም።

አንድ ወዳጄ ግን «የደርግን ወታደር ለምን እንረዳለን?» ሲል ተከራከረኝ። አሳቡን አከብራለሁ፤ ቤተሰቡ በዚያ ዘመን የደረሰበትን አውቃለሁና። ዳሩ ግን የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ስንቱ ልጅ ሳይወድ ተወሰደ? ከሃምሳ አለቃ ጎን ተቀምጠው የበሉት ሁለት ሰዎች ከዚያ ወገን ናቸው። የአገልግሎቱ ዘመን 30 ወር ነበር፤ የጡረታ ሕግ ግን ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። እንግዲህ ሕግ የጠየቀውን በሙሉ የፈጸመ ሰው እንኳ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። በግዳጅ ላይ አካሉ የጐደለ ሰው በሕግ ሌላ መንገድ አለው፤ ለዚህም ማስረጃ ያሻል። ሃምሳ አለቃ መብት አላቸው ወይስ የላቸውም? እኔ ሕግ ዐዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን ወረቀቱን እስካሁን አንብቦ መልስ የሰጣቸው ሰው የለም።

በአሜሪካ አገር በሳንዲዬጎ ከተማ በ1980 ዓ.ም. ክረምት፣ ከቬትናም ተመልሰው ጎዳና ላይ ለወደቁ ወታደሮች የሦስት ቀን ድንኳን ተተክሎ ነበር። «ስታንድ ዳውን» ይሉታል፤ ወታደር ከግንባር ወጥቶ የሚያርፍበት ማለት ነው። ምግብ፣ ገላ መታጠቢያ፣ ጠጕር ቈራጭና ሐኪም ነበረበት። ይልቁንም ያስገረመኝ፣ በማግሥቱ ዓመት ዳኛው ራሱ ወደ ሰፈሩ መጥቶ፣ በጎዳና ከመኖር የተነሣ የተከማቹባቸውን ትንንሽ ክሶች እዚያው ማየት መጀመሩ ነው። የአሜሪካን ነገር ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ የጎዳና ወታደር ዛሬም አላቸው። ግን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሰውየው መሄድ እንደሚችል ማየት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ቀፊራ ከዚያ ድንኳን በምን ያንሳል? የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የሶማሌውም ባላገር ከነአህያውና ከነግመሉ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ማኅበራችን ለሚቀጥለው ጊዜ ከድስቱ ጋር የቀበሌ ጸሐፊ ከነመዝገቡ እንዲመጣ በደብዳቤ ይጠይቅ። የፋይዳ መመዝገቢያ መሣሪያ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ እሱም ይምጣልን። የሕግ ተማሮች ማመልከቻ ይጻፉ፤ የሕክምና ተማሮች ከመምህራቸው ጋር ቍስል ይዩ፤ ስማቸውም መንግሥት መዋጮውን በሚከፍልላቸው የድኾች የጤና መድን ዝርዝር እንዲገባ ይጠየቅ። ሰዓቱም ጧት ይሁን፤ በድሬ የቀትር ፀሐይ ሽማግሌ ማሰለፍ ርዳታ አይባልም። በየትኛው ወገን ተሰልፎ ተዋጋ ብሎ መጠየቅም አያስፈልግም።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማመልከቻ መጻፍ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ መከታተሉ ወራት ይወስዳል፤ በመካከሉ ፈተና አለ፤ ከዚያም ክረምት ሆኖ ሁላችንም ወደ የአገራችን እንሄዳለን። ስለዚህ ለአንድ ወታደር አንድ ተማሪ በስም ይመደብ፤ ሲሄድም ለሌላ ተማሪ ያስረክብ። መምህራኖቻችንም ይህን ከተግባር ትምህርት ቢቈጥሩልን ተማሪው ይበረታታል።

የሃምሳ አለቃን ማመልከቻ ያን ማታ ጽፌ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። ሐሙስ ጧት በ2 ሰዓት ከቀፊራ በር ተነሥተን ይዘነው እንሄዳለን፤ ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ። አንድ የሕግ ተማሪ አብሮን ቢመጣ እጅግ ደስ ይለናል።