አጭር ፊልምና የሚመዘንበት አደባባይ

ለአንድ ሕዝብ ጥበብ መስፋፋት የሚያስፈልጉት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥበቡን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሁለተኛውም ያ ሰው የሠራውን አቅርቦ በዐዋቂዎች ፊት የሚመዘንበት አደባባይ ነው። ዐዋቂ ሳለ አደባባይ ከሌለ ጥበቡ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ አደባባይ ሳለ ዐዋቂ ከሌለም ስፍራው የከንቱ ውዳሴ መዋያ ይሆናል። በዛሬው ዘመን ይህ ነገር ጐልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሰዎች የሚያዘጋጁት አጭር ፊልም ነው።

አጭር ፊልም የሚባለው ከረጅሙ ተቈርጦ የቀረ ቁራጭ አይደለም፤ መነሻና መድረሻ ያለው፣ ራሱን የቻለ ሙሉ ሥራ ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለሽልማት በሚመዝንበት ጊዜ ርዝመቱ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠውን አጭር ፊልም ብሎ ይቀበለዋል፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ፣ አሥር ደቂቃም የማይሞላ ብዙ አለ። ሠሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከኩባንያ ገንዘብ የማያገኝ፣ ከደመወዙ ቈጥቦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ካሜራ ተውሶ፣ ወዳጆቹን ያለ ዋጋ አሠርቶ የሚደክም ሰው ነው። ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ግን ሌላ ችግር ይገጥመዋል። የሲኒማ ቤት ባለቤት ትኬት የሚሸጠው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ለሚያየው ፊልም ስለ ሆነ፣ ለአሥር ደቂቃ ሥራ በሩን አይከፍትም። ከዚህም የተነሣ ለአጭር ፊልም ተመልካቹም፣ ዳኛውም፣ ገበያውም ፌስቲቫል የሚባለው የፊልም ጉባኤ ሆነ።

ይህ ነገር ለቤተ ክህነት ሊቃውንት እንግዳ አይሆንባቸውም። በቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ የሚቈጥረው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ነው እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አይደለም። ቀን በየጥላው ሥር ሲያስብ ውሎ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቀናለታል፣ የጐደለውን ይሞላለታል። በዚህም ብቻ አይወሰንም፤ ዕውቀቱን ለማስመስከር ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ይሄዳል። ጉባኤ ቃና ግን የተማሪ መጀመሪያ ስለ ሆነ ብቻ የተናቀ አይደለም። ሰሙና ወርቁ የተስማማለት ጉባኤ ቃና ከላላ መወድስ ይበልጣል፤ ታላላቆቹም ሊቃውንት በሁለት ቤት መቀኘትን አልተዉም። አጭር ፊልምም እንዲሁ ነው፤ ለጀማሪው ትምህርት ቤት፣ ለዐዋቂው ደግሞ ብዙውን ነገር በጥቂት የመናገር ፈተና ነው።

ሲኒማ ራሱ የተወለደው አጭር ሆኖ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ የሉሚዬር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ እንዲያይ ያቀረቧቸው ፊልሞች አሥር ነበሩ፤ ከአሥሩም አንድ ደቂቃ የሚሞላ አልነበረም። በኋላ ግን ፊልም እየረዘመ ሲሄድ አጭሩ የረጅሙ ተከታይና አሽከር ሆኖ፣ ዋናው ፊልም እስኪጀመር ድረስ የሚታይ ማቆያ ሆነ። በፈረንሳይ አገር ይህችኑ ስፍራ የሚጠብቅለት ደንብ በ1953 በተነካ ጊዜ፣ የአጭር ፊልም ሠሪዎች የሠላሳዎቹ ማኅበር የሚባል ኅብረት አቁመው ተከራከሩ፤ መንግሥትም ጥራት ላለው አጭር ፊልም የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ሠራ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለባለሥልጣን ትምህርት የሚሰጠው በጀርመን አገር የተደረገው ነው። በሩር አውራጃ ኦበርሃውዘን የምትባል የድንጋይ ከሰልና የብረት ከተማ አለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1954፣ የዚያች ከተማ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ኀላፊ የነበሩት ሂልማር ሆፍማን የአጭር ፊልም ጉባኤ አቋቋሙ። ጉባኤው በኋላ የያዘው መሪ ቃል ወደ ጎረቤት የሚወስድ መንገድ የሚል ነበር፤ በእርግጥም ኤውሮፓ በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍላ ሰው ከሰው በማይገናኝበት ዘመን የሁለቱም ወገን ፊልሞች በዚያች የሠራተኞች ከተማ ጐን ለጐን ይታዩ ነበር።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1962 ከወጣት ፊልም ሠሪዎች 26ቱ በዚሁ ጉባኤ ተሰብስበው አንድ የአቋም መግለጫ አወጡ። ቃሉም፦ አሮጌው የጀርመን ፊልም አልፎበታል፤ የጀርመን አጭር ፊልሞች በውጭ አገር ጉባኤ ሽልማት ማግኘታቸው አዲስ ትውልድ መነሣቱን ያስረዳል፤ ስለዚህ ረጅሙንም ፊልም ከነጋዴ ተጽዕኖ ነጻ ሆነን እንድንሠራ ይፈቀድልን የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራቸው ሲኒማ ቤት ስማቸው የሚታወቅ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ብዙ ሰዎች ሳቁባቸው። መንግሥት ግን ነገሩን አልናቀውም። በ1965 ለጀማሪ ፊልም ሠሪዎች ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1966ም በበርሊን የፊልም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከ26ቱ አንዱ የነበሩት አሌክሳንደር ክሉገ በዚያው በ1966 በሠሩት የመጀመሪያ ረጅም ፊልም በቬኒስ ጉባኤ የብር አንበሳ ተሸለሙ። ከልመናው እስከ ሽልማቱ የፈጀው አራት ዓመት ብቻ ነው።

በዚህ ውስጥ መታየት ያለበት መንግሥት ያደረገው ብቻ አይደለም፤ ያላደረገውም ነው። ገንዘብ ሰጠ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ይህን ሥሩ ብሎ ግን ታሪክ አልጻፈላቸውም። የዚህም ተቃራኒ ምን እንደሚያመጣ ያው ጉባኤ መስክሯል። በ1968 ሄልሙት ኮስታርድ የተባሉ ሠሪ አዲሱን የፊልም ሕግ የነቀፉበት አጭር ፊልም እንዳይታይ ስለ ተከለከለ፣ ብዙዎቹ የጀርመን ፊልም ሠሪዎች ሥራቸውን ከጉባኤው አነሡ። አንዲት አጭር ፊልም ብትታይ ኖሮ የጥቂት ሰዎች መነጋገሪያ ሆና ታልፍ ነበር፤ በመከልከሏ ግን የጉባኤው ሁሉ ነገር ሆነች።

የኦበርሃውዘን ነገር የባለጸጋ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ አፍሪካ ይመልከት። ቡርኪና ፋሶ፣ በዚያን ጊዜ ኦት ቮልታ ትባል የነበረችው፣ ከድኾቹ አገሮች አንዷ ስትሆን በ1969 በዋና ከተማዋ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች የሚታዩበትን ፌስፓኮ የተባለውን ጉባኤ ጀመረች፤ ይህም ጉባኤ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ መሰብሰቢያ ለመሆን በቃ። ለረጅም ፊልም የሚሰጠው ታላቁ ሽልማት በየኔንጋ፣ በታሪክ በምትነገረው ልዕልት፣ ስም የተጠራ የወርቅ ድንጉላ ፈረስ ነው፤ ለአጭር ፊልም የሚሰጠው ደግሞ የወርቅ ውርንጭላ ይባላል። በዚህ ስያሜ ውስጥ ታላቅ ምክር አለ፤ ውርንጭላ ያላሳደገ ድንጉላ ፈረስ ሊጭን አይችልምና። በፈረንሳይም በክሌርሞን ፌራን ከተማ በ1979 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት የአጭር ፊልም ሳምንት ዛሬ በዓለም ላይ በአጭር ፊልም የሚተካከለው የሌለ ጉባኤ ሆኗል፤ ከተማይቱ የምትታወቀው በመኪና ጎማ ፋብሪካ ነበር፤ አሁን ግን ለፊልም ሲሉ ከሩቅ አገር የሚመጡባት ሆናለች።

የኢትዮጵያ ልጆችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ በ1971 አወር ግላስ፣ በ1972 ቻይልድ ኦፍ ሪዚስታንስ የተባሉትን አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። ከዚያም በ1976 ምርት ሦስት ሺህ ዓመት የተባለው፣ በኢትዮጵያ ገበሬ ኑሮ ላይ የተመሠረተው ፊልማቸው ወጣ። ጤዛ የተባለው ሥራቸው በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ የወርቁን ፈረስ አገኘ። ከመጀመሪያዋ አጭር ፊልም እስከ ወርቁ ፈረስ 38 ዓመት ነው። በዚህም መካከል ሳንኮፋ የተባለው ፊልማቸው በ1993 በበርሊን ለውድድር ቀርቦ ሳለ፣ በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ስለ ታጣ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው አዳራሽ እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ራሳቸው አሳዩት። ጉባኤ ስም ይሰጣል፤ አዳራሽ ግን አይሰጥም።

እንዲሁም በሐረር ያደጉት ጀሲካ በሽር ሌሊት ሌሊት ጅብ ስለሚመግበው ሐረሬ ሐይራት የተባለች አጭር ፊልም ሠርተው በ2017 በአሜሪካ በሰንዳንስ ጉባኤ አሳዩ። ከዚያም አሥር ዓመት ያህል የደከሙበት ፋያ ዳዪ የተባለው ረጅም ፊልም በ2021 በዚያው ጉባኤ ታየ። አጭሩ ሥራ ረጅሙን እንዳልከለከለ፣ ይልቁንም ዓይንንና እጅን እንዳለማመደ ከዚህ ይታያል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። የጎንደርና የሐረር መልክ በቬኒስና በሰንዳንስ አዳራሽ ሲታይ፣ ያንኑ ፊልም ለማየት የጎንደርና የሐረር ሰው ስፍራ የለውም። በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤት አጭር ፊልም ትኬት ተቈርጦለት ሲታይ እምብዛም አይገኝም። ከዚህም ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው፣ ዳኛው ሁልጊዜ የውጭ አገር ሰው ስለሚሆን ሠሪው ሳያውቀው ለባዕድ ዓይን መሥራት ይጀምራል፤ ባዕዱ ስለ ኢትዮጵያ ሊሰማ የለመደው ረኃብና መከራ ከሆነ ረኃብና መከራ ያቀርብለታል፤ የአገሩን ቅኔ፣ ሳቅና ተግሣጽ የሚሰማ ጆሮ በዚያ አያገኝምና። ሁለተኛው፣ ጀማሪው ለአታላይ ይጋለጣል። አዳራሽም ተመልካችም የሌላቸው፣ በስም ብቻ ፌስቲቫል ተብለው የመግቢያ ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ እየተቀበሉ የዘንባባ ቅጠል የተሳለበት ምስክር ወረቀት የሚልኩ ሰዎች በዓለም ላይ በዝተዋል። በአገሩ መምህርና ጉባኤ ያለው ተማሪ ማንን ማመን እንዳለበት ይማራል፤ የሌለው ግን ወረቀቱን ክብር መስሎት ገንዘቡን ይጨርሳል።

ስለዚህ በባህልና በትምህርት ሥራ ላይ ያሉ ባለሥልጣኖች ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን ቢፈጽሙ ይገባል። የመጀመሪያው አዳራሽ ነው። በየክልሉ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየከተማው የተሠራ የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ ብዙውን ምሽትም ባዶውን ያድራል። በወር አንድ ምሽት ለአጭር ፊልም ቢከፈት፣ ፊልሙም ከታየ በኋላ ሠሪው ከተመልካቹ ጋር ቢነጋገር፣ መብራትና የጥበቃ ደመወዝ ካልሆነ በቀር ሌላ ወጪ የለውም። ሁለተኛው ማኖሪያ ነው። የጥንት አባቶች በብራና የጻፉት ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬ ይነበባል፤ ትናንት የተሠራ ፊልም ግን የተቀመጠበት ዲስክ ሲበላሽ በአንድ ቀን ይጠፋል። በጉባኤ የተመረጠ አጭር ፊልም ሁሉ አንድ ቅጂው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ይቀመጥ ዘንድ ሥርዐት ቢቆም፣ የነገ ትውልድ የዛሬን ሰው መልክና ድምፅ ያገኛል። ሦስተኛው ፈቃድ ነው። አምስት ሰዎችና አንድ ካሜራ ይዞ በመንገድ ላይ የሚሠራ ወጣት የትልቅ ኩባንያ ያህል ደብዳቤ እንዲያመጣ መጠየቁ ሥራውን መከልከል ነው። የሚጠየቀው ወረቀት ታውቆ፣ መልሱም በተወሰነ ቀን እንዲሰጥ ቢደረግ ሕግም ይከበራል፣ ሥራም አይቆምም።

የገዳማትና የአድባራት አስተዳዳሪዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ካሜራ የማይገባበት የተቀደሰ ስፍራ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይህንንም ማስከበር ግዴታቸው ነው። ዳሩ ግን የሚፈቀደውና የማይፈቀደው አስቀድሞ ተለይቶ ቢነገር፣ ሠሪው በስሕተት ከመድፈር፣ አስተዳዳሪውም በየጊዜው ከመጣላት ይድናሉ። ከዚህም በላይ ሰምና ወርቅን መለየት የሚያውቁ ሊቃውንት በእነዚህ ምሽቶች ተገኝተው ቢፈርዱ፣ ወጣቱ ከውጭ አገር ዳኛ የማያገኘውን ተግሣጽ ያገኛል። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎት እንደ ነበር ይነገራል፤ ያን ስም ያሰጠው ከመሣሪያው ክፋት ይልቅ ዐዋቂዎች ከስፍራው መራቃቸው ሳይሆን አይቀርም።

የዳኝነቱ ነገር ግን ለባለሙያዎች ቢተው ይሻላል። ባለሥልጣን አዳራሹን ይክፈት፣ መዝገቡን ይጠብቅ፣ ሕጉን ያስከብር፤ የትኛው ፊልም መልካም እንደ ሆነ ግን ጥበቡን የሚያውቁት ይፍረዱ። ቅኔ ቤቱን የሚረዳ ባለርስት ለተማሪው ድርጎ ይሰጣል እንጂ ቅኔውን አይቈጥርለትም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ዛሬ አሥር ደቂቃ የሠራ ወጣት ነገ የአገሩን ታሪክ በሙሉ ይሠራል። ይህም የሚሆነው የመጀመሪያዪቱን አሥር ደቂቃ ሠርቶ ባቀረበ ጊዜ ወንበር ስቦ የሚቀመጥለት፣ አይቶም እውነቱን የሚነግረው የአገሩ ሰው ሲያገኝ ነው። ወርቁን ፈረስ የሚመኝ ሁሉ ለውርንጭላው ሣርና ውኃ ያዘጋጅ።