አገልጋዩና ቅቡዑ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሮክቪል በሜትሮ ባቡር ለመሄድ የሚፈልግ ሰው፣ ሁለቱም ከተሞች በአንዱ በቀዩ መስመር ላይ ያሉ ቢሆኑም፣ መስመሩ ሁለት ክንድ ያለው ስለ ሆነ አስቀድሞ ወደ ዋሺንግተን መካከል ወርዶ፣ ከዚያ በሌላው ክንድ ወደ ሰሜን መመለስ ግድ ይሆንበታል፤ ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ ከደጃችን ጥቂት ማይል ብቻ ርቆ የልጆቻችንን ሌሊት ሲገዛ የኖረው የቤተዝዳ ቤት ለብዙዎቻችን የባሕር ማዶ ነገር ሆኖ የቀረው። ይህ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 በሜሪላንድ፣ ስሙን በወሰደባት በቤተዝዳ ከተማ ተመሥርቶ በ1990 ወደ ሮክቪል የተዛወረ ሲሆን፣ ተጫዋቹን የሌላ ሰው አካልና ስም አልብሰው በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ከሚያኖሩት፣ «ኤልደር ስክሮልስ» ከተባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ መካከል አራተኛውን፣ ማለት ኦብሊቪየንን፣ መጋቢት 11 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ አምስተኛውን፣ ማለት ስካይሪምን፣ ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረበ። የሁለቱም ሥራ መሪ ቶድ ሃዋርድ፣ የሁለቱም ዜማ ደራሲ ጀረሚ ሶል ስለ ነበሩ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሠሪው በመለወጡ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ አስበውበት ያደረጉት ነው።

አሮጌው ነገር እንደገና መነጋገሪያ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በትንሣኤው ሳምንት፣ በቶማስ ዕለት፣ ኦብሊቪየን መልኩና ቀለሙ ታድሶ፣ ማስታወቂያውና ሽያጩ በአንድ ቀን ሆኖ በድንገት ስለ ወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በአሌክሳንድሪያ በእኅቴ ቤት የእሑድ ማዕድ ላይ ክርክሩ አልበረደም፤ በስካይሪም ያደጉት ታናናሾቹ፣ ይህ ሁሉ ንግግርና ይህ ሁሉ የቁጥር ሰሌዳ ለምን አስፈለገ ሲሉ፣ በኦብሊቪየን ጊዜ ጎረምሶች የነበሩት ታላላቆቹ ደግሞ ታናናሾቹን ተፈጭቶና ተቦክቶ የቀረበላቸው እያሉ ይንቋቸዋል። እኔ ከሁለቱም ወገን ጋር በየተራ ስጫወት ቆይቼ የደረስሁበት አሳብ ከሁለቱም ይለያል፤ ይኸውም ጨዋታዎቹን በተራሮቻቸው ውበትና በሰይፋቸው ድምፅ መለካቱን ትተን፣ የገባውን እንግዳ በምን መዓርግ እንደሚቀበሉት ብንመረምር፣ ታላቁ፣ ኦብሊቪየን፣ አገልጋይ አድርጎ እንደሚቀበለው፣ ታናሹ፣ ስካይሪም፣ ግን ገና ከደጅ ሳለ ቅቡዕ አድርጎ እንደሚሾመው እናገኛለን የሚል ነው።

የኦብሊቪየን ታሪክ በወህኒ ቤት ይጀምራል። እስረኛው በምን በደል እንደ ታሰረ ሳይነገረው፣ ነፍሰ ገዳዮች የሚያሳድዱት ንጉሠ ነገሥት፣ ዩሪኤል ሴፕቲም 7ኛ፣ በዚያ ክፍል በተሰወረው መተላለፊያ ሊያመልጥ ከጠባቂዎቹ ጋር ይገባል፤ ንጉሡም (ድምፁን የሰጠው ዝነኛው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፓትሪክ ስቱዋርት ነው፤ እንደዚህ ያለውን ድምፅ ገዝቶ በመግቢያው ላይ መግደል የኩባንያውን ለጋስነት ያሳያል ወይስ አባካኝነቱን፣ እኔ አልፈርድም) ከመሞቱ በፊት የነገሥታቱን የአንገት ጌጥ ለእስረኛው አደራ ሰጥቶ፣ ከልጆቹ የቀረውን አንዱን ፈልጎ እንዲያገኝ ያዝዘዋል። ያ ልጅ፣ ማርቲን፣ ከሕግ ውጭ የተወለደ፣ የማን ዘር እንደ ሆነ ሳያውቅ ክቫች በምትባል ከተማ በክህነት ሲያገለግል የኖረ ነው። የአገሩን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ሲደርስ እንግድነት አይሰማውም፤ የንጉሥ ዘር በአምባ ግሼን፣ በኋላም በወህኒ አምባ ተዘግቶ ዳዊት እየደገመ ሲኖር፣ አንድ ቀን መኳንንቱ መጥተው ከመጽሐፉ ነጥለው ወደ ዙፋን ሲያወርዱት የሚደርስበትን ድንጋጤ፣ በማርቲን ፊት ላይ ያነበዋልና።

ከዚህ በኋላ ታላቁ ሥራ ሁሉ የማርቲን ነው። ተጫዋቹ በየአገሩ የተከፈተውን የሲኦል ደጅ ይዘጋል፣ ከየከተማው ጭፍራ ይለምናል፣ መጽሐፍ ከጠላት እጅ ነጥቆ ያመጣል፤ መጽሐፉን የሚተረጕመው፣ በንባቡም ነፍሱን ለአደጋ የሚሰጠው ግን ያ ካህን ነው። በመጨረሻም መህሩንስ ዴገን የተባለው የአጋንንት አለቃ ከተማይቱን ሊያጠፋ በቆመ ጊዜ፣ ማርቲን የአባቶቹን ጌጥ ሰብሮ፣ ወደ እሳት ዘንዶ ተለውጦ፣ ጠላቱን ድል አድርጎ፣ ራሱ ደንጊያ ሆኖ ይቀራል፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የደከመው ተጫዋችም ቆሞ ከማየት በቀር አንዳች የሚሠራው የለም። ብዙ ሰዎች በዚህ አጕረምርመዋል፤ ገንዘባችንን ከፍለን የሌላ ሰው ገድል ተመልካች ሆንን ብለዋል። እኔ ግን ከሮክቪል ከወጣው ሁሉ ይህን የሚያህል ድፍረት አላየሁም እላለሁ፤ ሰውን በሰማዕቱ አጠገብ ለምስክርነት የሚያቆም፣ ምስክርነቱንም እንደ ክብር የሚቆጥር ጨዋታ እንዲህ በቀላሉ አይገኝምና።

ስካይሪምም በእስረኛ ይጀምራል፤ በጋሪ ታስሮ ወደ መሰየፊያው ቦታ ከተወሰደ በኋላ፣ አንገቱ በግንዱ ላይ ሳለ፣ ዘንዶ መጥቶ ከተማውን ስለሚያቃጥል ከሞት ይተርፋል። ነገር ግን ጥቂት ሄዶ የመጀመሪያውን ዘንዶ እንደ ገደለ የዘንዶው ነፍስ ወደ እርሱ ይገባል፣ የተመረጠውም እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ወዲያውም ከዓለም ሁሉ ከፍ ባለው ተራራ ላይ የሚኖሩ ሽበታም መነኮሳት፣ ምድርን በሚያናውጥ ድምፅ ይጠሩታል። ወደ ገዳማቸው 7,000 እየተባለ የሚጠራውን ደረጃ ወጥቶ ሲደርስ፣ እነዚያ አባቶች ዕድሜያቸውን በጽሙና ጨርሰው የተማሩትን የኃይል ቃል፣ እርሱ ቆሞ በመስማት ብቻ ይቀበለዋል። አባቶቹ ይደነቃሉ እንጂ አይቀኑም፤ እኔ ግን ስለ እነርሱ ቀናሁ። ጸጋ ያለ ሥራ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያንም አትክደውም፤ ሆኖም ጸጋውን ያለ ድካም የተቀበለ ሰው አንድ ቀን እንኳ ይገባኛልን ብሎ ሲጨነቅ ካላየነው፣ ነገሩ ከጸጋነት ወደ ንብረትነት ይለወጣል። ቶድ ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደ ገለጠው ስካይሪም ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት የገዢው ሁሉ ጆሮ «አንተ ነህ የተመረጥኸው» የሚለውን ቃል ለመስማት የተዘጋጀ መሆኑ ይመስለኛል።

የሚገርመው ግን ታናሹ ሥራ በራሱ ላይ የሚመሰክር ምስክር በተራራው ጫፍ አስቀምጧል። ፓርተርናክስ የሚባለው አሮጌ ዘንዶ በጥንት ዘመን የክፉው ዘንዶ የአልዱዊን የቅርብ ሹም ሆኖ ሰውን ያስጨነቀ፣ በኋላም ተጸጽቶ ቃሉን ለሰው ልጆች ያስተማረ፣ ለብዙ ሺሕ ዘመን የተፈጥሮውን ክፋት በተመስጦ እየተጋደለ የኖረ ነው። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድም ብሌድስ የተባሉት ወታደሮች፣ በኦብሊቪየን ንጉሠ ነገሥቱን ሲጠብቁ ያየናቸው እነዚያው፣ ይህን ንስሓ የገባ ፍጥረት ካልገደልህ አንረዳህም ብለው ተጫዋቹን ይጠይቁታል። በስካይሪም ካሉት ነፍሳት ሁሉ መዓርጉን በተጋድሎ ያገኘው አንዱ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከቅቡዑ የሚፈለገው እርሱን መግደል መሆኑ፣ ደራሲዎቹ ሳያስቡት የጻፉት ነው ለማለት ይከብደኛል።

የትምህርቱን ነገር ባነሣ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። በኦብሊቪየን ወደ ታላቁ የአስማት ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በሰባት ከተሞች ያሉትን የማኅበሩን ቤቶች ዞሮ፣ በእያንዳንዱ የታዘዘውን ፈጽሞ፣ ከየአለቃው የድጋፍ ቃል ማምጣት አለበት፤ ከመካከላቸው አንዱ ክፉ፣ ሌላው ሰነፍ፣ ሌላው አታላይ ነው፤ ሁሉንም ታግሦ ካልጨረሰ በቀር የራሱን ድግምት የሚያዘጋጅበት ጠረጴዛ አይከፈትለትም። ይህን ስጫወት ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ድጓውን ከቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ከዙር አባ፣ አቋቋሙን ከጎንደር፣ ቅኔውን ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ሊቀስም አገር ለአገር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ በዓይነ ኅሊናዬ ሳይመጣ አልቀረም፤ መምህሩ ቁጡ ቢሆን፣ ውሻው ቢናከስ፣ የሰፈሩ ሰው ቢጨክን፣ ከዚያ ቦታ የሚገኘው ዕውቀት ከሌላ ቦታ አይገኝምና ተማሪው ይታገሣል። በስካይሪም ግን የዊንተርሆልድ ኮሌጅ በር ላይ የቆመችው ፈታኝ አንዲት ድግምት አሳየኝ ትላለች፤ ተፈታኙ ባያውቃትም ራስዋ በጥቂት ወርቅ ትሸጥለታለች! ከዚያም ጥቂት ተልእኮ ፈጽሞ፣ አብዛኛውንም በመጥረቢያ ፈልጦ፣ የሊቃውንቱ ሁሉ አለቃ ይሆናል። አንድ ምዕራፍ ሳያነብ መምህረ መምህራን የተባለውን ይህን ሰው፣ ከሥሩ ያሉት ሽማግሌዎች እጅ ነሥተው ሲቀበሉት ማየት አሳዛኝም አስቂኝም ነው።

ለእውነት ስንል ደግሞ የታላቁንም ነውር መሸሸግ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ2006ቱ እትም ጠላት ሁሉ ከተጫዋቹ ጋር እኩል ስለሚያድግ፣ በመንገድ ላይ ቆሞ 100 ወርቅ አምጣ የሚለው ተራ ሽፍታ ከጊዜ በኋላ መስፍን ለማይገዛው ጥሩር ሲበቃ ይታያል፤ ያን ጥሩር ሸጦ ጡረታ ያልወጣበት ምክንያት አይገባኝም። የሲኦል ደጆቹም አንዱን ያየ ሁሉን ያየ ያህል ነው። ድምፃቸውን የሰጡት ሰዎች ጥቂቶች በመሆናቸው፣ ምጽዋት ሲለምን በሻከረ ድምፅ ያንጎራጎረ ነዳይ፣ ወሬ ሲጠየቅ እንደ መኰንን ይናገራል። የፈረሱን ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለብቻው መሸጣቸውንም ታሪክ አይረሳውም። ስካይሪም በዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ዋሻው ከዋሻ፣ መንደሩ ከመንደር ይለያል፣ በረዶው ያበርዳል፣ የሌሊቱም ሰማይ ሰውን መንገዱን ያስረሳል። (በሁለቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ2008 ይኸው ኩባንያ ያወጣው ፎልአውት 3 ዋሺንግተንን ራስዋን ፍርስራሽ አድርጎ ስላሳየ፣ ማስታወቂያው በሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ተሰቅሎ መንገደኞችን ቅር አሰኝቶ ነበር፤ የእርሱ ነገር ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አንድ ነገር ግን አለ፣ ታናሹን ከልቤ የማመሰግንበት። በሁለቱም ጨዋታዎች ጥበብ የሚያድገው በመሥራት ነው፤ ነገር ግን በኦብሊቪየን ተጫዋቹ ገና ከወህኒ ሲወጣ ከ13 ከዋክብት የተወለደበትን እንዲናገር፣ ከ21 ጥበባትም ሰባቱን መርጦ ሙያዬ ይህ ነው እንዲል ይገደዳል፤ ከዚያ በኋላ ከሰባቱ ውጭ የደከመበት ሁሉ ለደረጃው ዕድገት አይቆጠርለትም። ዐውደ ነገሥት ከሚያስገልጥ ቤት ለወጣ ሰው ኮከቡ እንግዳ አይሆንበትም፤ የሙያው ሕግ ግን ያስቈጣኛል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ሙያዬ ይህ ነው ብሎ ወጥቶ ሙያው ያልተቆጠረለት፣ አስተማሪነቱን ወይም መሐንዲስነቱን በሻንጣው አኑሮ ታክሲ በመንዳት፣ መኪና በማቆም፣ በሽተኛ በማስታመም አዲስ ሰው የሆነ ስንት አለ! ስካይሪም ሙያህ ምንድር ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ከ18ቱ ጥበባት በየትኛውም ብትሠራ ሥራህ ይቆጠርልሃል፤ ኮከቡም በየሜዳው በቆመ ሐውልት ላይ ተቀርጾ፣ ሲሻህ የምትለውጠው ሆኗል። የታደሰው ኦብሊቪየንም ከሰባቱ ውጭ ያለው ድካም ለደረጃ እንዲቆጠር በማድረጉ፣ ታላቁ ከታናሹ ለመማር እንዳላፈረ አሳይቷል። ስለዚህ በሥራው ሕግ ስካይሪም ለስደተኛው ኑሮ የቀረበ ሲሆን፣ በታሪኩ ግን፣ ስማቸው በማይጠራበት ቦታ ለሌላው ክብር የደከሙትን የሚያስታውሰው ኦብሊቪየን ነው፤ አንዱን ምረጥ ብባል ከታላቁ ጋር እቆማለሁ፣ ከታናሾቹም ጋር በእሑዱ ማዕድ ላይ መከራከሬን አልተውም።

ስድስተኛው እንደሚመጣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በአንዲት አጭር የተራራ ሥዕል ብቻ ተነግሮናል፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ዋጋው 7.5 ቢሊዮን ዶላር በተባለ ሽያጭ ወደ ማይክሮሶፍት ሥልጣን ገብቷል። የሮክቪል ሰዎች ተራራውን እንደሚያሳምሩት አልጠራጠርም። የምለምናቸው ግን በአንደኛው የትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ቁጡ መምህር እንዲያቆሙልን ነው፤ ቅቡዑ ሰባት ዘንዶ ገድሎ፣ ጥሩሩን እያንጸባረቀ ሲመጣ፣ ከራስ እስከ እግሩ አይቶ፣ ገና ነህ፣ ሂድና ቅኔህን ጨርሰህ ተመለስ ብሎ በሩን የሚዘጋበት።