ወለምታ ሲደርስ በረዶ የሌለው ምን ያድርግ?

ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለውን ወንድማችንን ምን እናድርገው? ለትልልቅ ክለቦች መልሱ ቀላል ነው፤ የበረዶ ሣጥን ይከፈታል፤ ገንዘብ ያለውም የበረዶ ውሃ የሚዘዋወርበትን፣ ያበጠውንም ሥፍራ እየተጫነ የሚያቀዘቅዘውን ማሰሪያ ያስራል። በቆላው በመንጌ ወረዳ ግን ከሜዳው ዳር በረዶ ማግኘት ጭንቅ ነው። በዚህ በአሶሳ የምንማር ጓደኞችም «መሣሪያው ይገዛልን» ሲሉ እንሰማለን። ሐሳቡ ከበጎ ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ከመሣሪያው የሚቀድም ነገር አለ እንላለን።

ቅዝቃዜ የነርቭን መልእክት ያዘገያል፤ ስለዚህ ሕመምን ያስታግሣል። የተጎዳውን ጅማት ግን አይጠግንም። «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን፣ ራሱ በ2014 በረዶ ፈውስን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፏል። እንግዲህ ቅዝቃዜ የመጀመሪያው ቀን ማስታገሻ እንጂ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት ፈውስ አይደለም።

ለማስታገሻነት ደግሞ እንስራ ይበቃል። በሸክላው ሰርጎ የሚወጣው ውሃ ሲተን በውስጡ የቀረውን እንደሚያቀዘቅዘው እናቶቻችን ያውቁታል። በዚያ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እየተለወጠ ለ15 ደቂቃ ያህል ቢደረግ ሕመሙን ያበርዳል። ሲጨመቁ የሚቀዘቅዙት ትንንሽ ከረጢቶችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ የያዙት ገበሬው የሚያውቀውን ዩሪያና ውሃ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይሹም፤ ነገር ግን የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በረዶ ሲገኝም በጨርቅ ይጠቅለል፤ በባዶ ገላ ላይ ቢቆይ ቆዳን ይጎዳልና።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው። ያበጠውን እግር በዕለቱ በሙቅ ማሸትና መጎተት የውስጡን መድማት ሊያባብስ፣ ስብራት ካለም ሊያናጋው ይችላል። ወጌሻን አንንቅም፤ አባቶቻችን የተማመኑበት ባለሙያ ነው። ዳሩ ግን የተጎዳው ሰው 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ከታመመው፣ ከመታሸቱ በፊት ራጅ ወዳለበት ሐኪም ቤት ሊሄድ ይገባዋል። ይህን ባለማወቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚያነክስ ወጣት እንዲኖር አንፈልግም።

ስለዚህ ኅብረታችን ለመሣሪያ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት፣ የጤና መምህራንን ለምኖ የ1 ቀን ትምህርት ያሰናዳልን። ለዕረፍት ወደ መንጌ የሚሄዱ ጓደኞቻችንም የተማሩትን ለወጌሻዎችና ለተጫዋቾች በበርታ ቋንቋ ያስረዱ። መምህሮቻችን ይህን ልመናችንን ቸል እንደማይሉት ተስፋችን ጽኑ ነው።