አቀባዩን ማን ይቁጠርለት?

ጊንጪ ላይ የጭልሞን ደን በቀኝ ትቼ አምቦ የገባሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፡፡ ሆኖም አንድ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ታዳጊዎች ለቅርጫት ኳስ ቡድን ሲመረጡ ስላገኘሁ ቆሜ አየሁ፡፡ ከሜዳው ዳር የተቀመጠው ወጣት በደብተሩ የሚመዘግበው የገባውን ነጥብ ብቻ ነው፡፡ ኳሱን አመቻችቶ ያቀበለውን የሚጽፍ አልነበረም፡፡ በመጨረሻም ለፖይንት ጋርድነት የተመረጠው ብዙ ያስቆጠረው ልጅ ሆነ፡፡ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልክድም፡፡ ምርጫው ግን እስካሁን ይከነክነኛል፡፡

እንደሚታወቀው ፖይንት ጋርድ ኳስ ከኋላ ይዞ የሚወጣና ጨዋታውን የሚያደራጅ ተጫዋች ነው፡፡ በአሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ. በዚህ ቦታ የተሰለፉ ሁለት ወጣቶችን፣ እያንዳንዳቸው በ23 ዓመታቸው በጀመሩት የውድድር ዘመን እናነጻጽር፡፡ ያኔ የአትላንታ ሆክስ የነበረው ትሬ ያንግ እ.ኤ.አ. በ2021/22 በአማካይ 28.4 ነጥብ አስቆጥሮ 9.7 የነጥብ ኳስ አቀብሏል፡፡ በጠቅላላ ነጥብም በጠቅላላ አቀባይነትም ሊጉን የመራ ሲሆን፣ ከ1972/73ቱ ኔት አርቺባልድ ወዲህ ይህን ያደረገ አልነበረም፡፡ የኢንዲያና ፔሰርሱ ታይሪስ ሃሊበርተን በበኩሉ በ2023/24 በአማካይ 20.1 ነጥብ አስቆጥሮ 10.9 አቀብሏል፡፡

እንደ አምቦው ደብተር ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ያንግ በ8 ነጥብ ይበልጣል፡፡ ነገር ግን የባከነ ኳስ የሚባል ሌላ ሒሳብ አለ፡፡ ያንግ በየጨዋታው 4 ኳስ ያህል ሲያባክን ሃሊበርተን ያባከነው 2.3 ነው፡፡ ይህም ማለት ለአንድ የባከነ ኳስ ያንግ ከ2 ተኩል ያነሰ፣ ሃሊበርተን ደግሞ ከ4 ተኩል የበለጠ የነጥብ ኳስ አቀብለዋል፡፡ ያንግን ለማስቆም ሁለት ተከላካይ ይላክበት ስለነበር ሸክሙ ከባድ እንደነበር አልዘነጋም፡፡ ቢሆንም በዚያ ዓመት በአማካይ 123.3 ነጥብ በማስቆጠር ሊጉን የመራው የሃሊበርተን ቡድን ነው፡፡

ማስቆጠር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፡፡ በ2025ቱ የፍጻሜ ፍልሚያ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሊጠናቀቅ 0.3 ሰከንድ ሲቀረው ያሸነፈው ራሱ ሃሊበርተን ነበር፡፡ በአምስተኛው ጨዋታ ግን ባቱን ታሞ 6 ጊዜ ወርውሮ አንድም ሳያገባ ሲቀር ኢንዲያና ተሸነፈ፡፡

“ዋንጫውን የወሰደው እኮ በአማካይ 32.7 ነጥብ የሚያስቆጥረው የሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ኦክላሆማ ሲቲ ነው” የሚለኝ አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፡፡ ሻይም ቢሆን በዚያ የውድድር ዘመን በየጨዋታው 6.4 አቀብሎ ያባከነው 2.4 ብቻ ነው፡፡

አምቦ ላይ ሳይመረጥ የቀረው ቀጭኑ ልጅ ኳስ ሲነጠቅ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፡፡ ስንት ኳስ እንዳቀበለ ግን ደብተሩ ላይ የለም፡፡