መንከባከብ ሙያ ነው ወይስ ጽድቅ?

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው መርዳት የጽድቅ ሥራ ነው ሲባል እንሰማለን። ጽድቅነቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ አንድን ሥራ ጽድቅ ብቻ ብሎ መጥራት፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ለመርሳት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የአሜሪካ ታሪክ ያስረዳል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በኒውዮርክ፣ በስታተን ደሴት፣ ዊሎውብሩክ የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበር። ለ4,000 ሰዎች ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከ6,000 በላይ ሰዎች ታጭቀውበት ይኖሩ ነበር። በ1972 ጄራልዶ ሪቬራ የተባለ ጋዜጠኛ የሕሙማኑን ሥቃይ በቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ አገሩ ደነገጠ፤ ተቋሙም በ1987 ተዘጋ። በ1999 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ከኅብረተሰቡ ጋር መኖር የሚችለውን ሰው ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ማቆየት አድልዎ ነው ሲል ፈረደ። በዚህ ዐይነት ብዙዎቹ ከግዙፉ አዳራሽ ወጥተው፣ በየሰፈሩ በሚገኙ ተራ ቤቶች ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መኖር ጀመሩ።

ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ቤቱን ቤት የሚያደርገው ተንከባካቢው ነው። እርሱም የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጥ ብቻ አይደለም። መናገር የማይችል ሰው ጆሮውን ደጋግሞ ሲመታ፣ ጥርሱን እያመመው መሆኑን የሚያውቀው ለወራት አብሮት የቆየ ሠራተኛ ነው። ያ ሠራተኛ ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮ ይሄዳል፤ አዲሱ መጪ ሕመሙን ረብሻ ነው ብሎ ይገምታል። በ2022 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት መሠረት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን የለቀቁት ከመቶ 40 ያህል ነበሩ።

ምክንያቱ የርኅራኄ ማነስ አይደለም። የአገልግሎቱን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የሕክምና መድን ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው ክፍለ ግዛቱ ነው። አንድ ሱቅ ሠራተኛ ሲያጣ ደመወዝ ጨምሮ በዕቃው ዋጋ ላይ ሊያካክስ ይችላል፤ የእንክብካቤ ቤት ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ከዚህም በላይ በቤትና በሰፈር የሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው ለክፍለ ግዛቶች ፈቃድ የተተወ ነው። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ለሜዲኬይድ የሚመደበውን የፌዴራል ገንዘብ በሚቀጥሉት ዓመታት ስለሚቀንስ፣ በጀት ሲያጥር ቀድሞ ሊነካ የሚችለው ይኸው ክፍል ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢና በሚኒሶታ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት በመሆናቸው ችግሩን ቀምሰው፣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ሆኖም ሸክሙ ዛሬም በአብዛኛው በእናቶች ትከሻ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41፣ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል።

ዐቅም ውስን መሆኑ እውነት ነው። ስለሆነም ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚያዘጋጁ፣ ነገም ለማዘጋጀት የሚማሩ ወጣቶች አንድ ነገር ያስተውሉ ዘንድ ይገባል። ስለዚህ ጉዳይ ዕቅድ ሲቀርብላቸው፣ ስለ ግንቡ ከመጠየቃቸው በፊት ተንከባካቢዋ ምን ሥልጠና ታገኛለች፣ ስንት ይከፈላታል፣ በሥራዋስ ስንት ዓመት ልትቆይ ትችላለች ብለው ይጠይቁ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ዕቅድ፣ ሕንፃው ቢያምርም ገና አልተጠናቀቀም።