ጡት ማጥባት ጫማ አያሰቅልም!

አንድ አጥቂ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በቃሬዛ ሲወጣ ደጋፊው ምን እንደሚል እናውቃለን። «አይዞህ፣ እንጠብቅሃለን!» ነው የሚለው። ክለቡ ያሳክመዋል፣ ወጌሻው ይዞት ጂም ይገባል፣ ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ ሜዳ የገባ ቀን ጥላ ፎቅም ካታንጋም ብድግ ብሎ ያጨበጭብለታል። ደግ አደረጉ። ተጫዋቿ ሴት ስትሆንና ከሜዳ ያራቃት ጉዳት ሳይሆን ልጅ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ትዕግስት የት ይገባል? «በቃ ወለደች አይደል፣ ጫማዋን ትስቀል» የሚለውን ወሬ ከየት አመጣነው?

ሌላ አገር ቢሆን እሺ። ደራርቱ ቱሉን ባፈራች አገር እንዲህ ሲባል ግን ይገርማል። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች፣ ከዚያ ወልዳ ከርማ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ወርቁን መልሳ ወሰደች (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ስታገኝ የገባችበት 29 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ከመውለዷ በፊት ሮጣው የማታውቀው ሰዓት ነው። ልብ በሉ፣ የራሷን ምርጥ ሰዓት ያስመዘገበችው እናት ሆና ነው።

«ሩጫ ሌላ፣ ኳስ ሌላ» የሚል አይጠፋም። ለእሱም መልስ አለን። አሜሪካዊቷ አጥቂ አሌክስ ሞርጋን በግንቦት 2020 ወልዳ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የቶተንሃምን ማሊያ ለብሳ እንግሊዝ ውስጥ ተጫወተች። በዓመቱ ቶኪዮ ላይ ከብሔራዊ ቡድኗ ጋር የኦሊምፒክ ነሐስ አገኘች። በ2023ም የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች።

ዋናው ጭቅጭቅ ያለው ግን ጡቱ ላይ ነው። «ብትሮጥ ወተቷ ይደርቃል»፣ «ላብ የነካው ወተት የልጁን ሆድ ያስቀምጠዋል» ሲባል ሰምተን ያደግን ብዙ ነን። የሚሉት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፣ ለልጁ አዝነው ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ተፈትሿል። በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጡት ብቻ የሚያጠቡ እናቶችን ሁለት ቦታ ከፈለ። አንዱ ቡድን ከወለደ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምሮ በቀን 45 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ስፖርት ሠራ። ሌላው አልሠራም። በመጨረሻ ሲለካ የወተቱ መጠንም፣ በውስጡ ያለው ምግብም፣ ሕፃናቱ የጨመሩት ኪሎም ልዩነት አልተገኘበትም። እናትየው እስከ መጨረሻው አቅሟ ስትሮጥ ወተቱ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ለጥቂት ጊዜ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ልጁን እንደሚጎዳው ግን አልታየም። ላቡን ጠረግ፣ ጡቱን ታጠብ አድርጋ ማጥባት ነው።

ወተትን የሚቀንሰው ሌላ ነው። አለመብላት፣ ውሃ አለመጠጣት፣ ማጥባቱን ወይም ማለቡን ማዘግየት። ጡት የምታጠባ ሴት ስፖርት ባትሠራ እንኳ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ልምምድ ሲታከልበት ከዚያም በላይ ይሆናል። እና ተጫዋቿን «ቶሎ ክብደት ቀንሺ» ብሎ ምግብ የሚያስቆጥራት አሰልጣኝ ቡድኑንም ልጁንም እየጎዳ መሆኑን ይወቅ። የእናቶቻችን ገንፎና አጥሚት ለካ ከዘመኑ የስፖርት ምግብ ባለሙያ ጋር ብዙም አይጣላም!

ይህን ስንል ግን «በክርስትናው ማግስት ግጥሚያ ትግባ» ማለታችን አይደለም። እንዲያውም የምንፈራው ጥድፊያውን ነው። ወተቱ ባይጎዳም ሰውነቱ ገና ነው። ማህፀንን ከታች የሚሸከሙትና ሽንት የሚያግዱት ጡንቻዎች ዘጠኝ ወር ተጨንቀዋል፣ የሆድ ጡንቻ መሐሉ ላይ ተከፍቷል። በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ትልቅ ቁስል ተሸክማለች። በ2019 የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ያወጡት መመሪያ ሩጫ ከ12 ሳምንት በፊት እንዳይጀመር ይመክራል። እስከዚያ እርምጃ አለ፣ ታችኛውን ጡንቻ እየጨመቁ መልቀቅ አለ፣ ቀስ ብሎም ብስክሌትና ቀላል ክብደት። ከሩጫው በኋላ ዝላይና በፍጥነት መዞር፣ ከኳስ ጋር መሥራት፣ በመጨረሻ ግጭት ያለበት ጨዋታ። ስትሮጥ ሽንት ካመለጣት፣ ከታች የመክበድ ስሜት ካላት ወይም ደም ካየች ወደ ኋላ ተመልሳ ሐኪም ማየት አለባት። ይሄ ነገር ያሳፍራል ተብሎ ይደበቃል። ወጌሻው ወንድ ከሆነማ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ክለብ ለሴቶች ቡድኑ ሴት ባለሙያ ይቅጠር የምንለው ለዚህ ነው።

ልምምዱ ራሱ ብልሃት ይፈልጋል። ከመነሳቷ በፊት ብታጠባ ወይም ብታልብ ጡቷ ይቀላታል። በወተት በተወጠረ ጡት መሮጥ ያማል፣ ሳይታለብ ሲቆይም ወደ ጡት ኢንፌክሽን ሊሄድ ይችላል። ጡት መያዣውም ደህና አድርጎ የሚደግፍ ይሁን፣ ግን ጨፍልቆ የሚይዝ አይሁን። የታለበ ወተት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አራት ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። አዳማ ወይም አርባ ምንጭ ላይ ተጋጣሚ ሆናችሁ በዚያ ሙቀት ግን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አይታሰብም፣ በረዶ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጉድ የሚመጣው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን ተጫዋች ካምፕ ያኖራሉ። በቅርብ ዓመታትም የሴቶቹ ሊግ ቡድኖችን አንድ ከተማ ሰብስቦ ሲካሄድ አይተናል። የአራት ወር ልጅ ያላት ተከላካይ ሳምንታት ሆቴል ስትቀመጥ ልጁ የት ነው? አያቱ ጋ ሆኖ የጣሳ ወተት ይጠጣል ወይስ እናቱ ጋ ነው? ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ካናዳዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኪም ጎሼ የምታጠባትን ሕፃን ይዛ እንዳትገባ በኮቪድ ሕግ ተከልክላ ነበር። ጉዳዩን አደባባይ አውጥታ ስትጮህ አዘጋጆቹ በሰኔ 2021 መጨረሻ ሕጉን አላሉት።

በእግር ኳሱ ሕጉ ከዚያ በፊት ተጽፏል። ፊፋ ከጥር 2021 ጀምሮ ተጫዋች ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ፣ ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ከወለደች በኋላ፣ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛው እየተከፈላት እንድታገኝ ደንግጓል። በእርግዝና ምክንያት ውል ያፈረሰ ክለብ ካሳ ይከፍላል፣ ለሁለት የዝውውር መስኮት ተጫዋች እንዳያስመዘግብም ሊታገድ ይችላል። ስትመለስ ደግሞ ክለቡ የምታጠባበትና የምታልብበት ጊዜና ተስማሚ ቦታ ማዘጋጀት አለበት። «ቦታዋ ባዶ ይቀራል» ለሚለው አሰልጣኝም ተታስቦለታል፤ በወሊድ ላይ ያለችውን የምትተካ ተጫዋች ከመስኮቱ ውጭ ማስመዝገብ ይፈቀዳል።

ወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአይስላንድ አምበል የነበረችው ሳራ ቢዮርክ ጉናርስዶቲር በእርግዝናዋ ወቅት ሊዮን ደመወዟን ሲያጎድልባት ፊፋ ዘንድ ከሰሰች። በ2022 ተፈረደላት፤ ክለቡ ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍላት ታዘዘ። የአውሮፓ ሻምፒዮኑን ሊዮንን ያላለፈ ሕግ የእኛዎቹን ክለቦች ያልፋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ የአገራችን ሕግ ከፊፋ የተሻለ መሆኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሠራተኛ እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። 120 ቀን መሆኑ ነው፤ የፊፋው 98 ቀን ነው። የፊፋ ደንብ ራሱ የአገር ሕግ ከበለጠ የበለጠው ይሠራል ይላል። የምትፈርም፣ ደመወዝ የምትቀበል፣ አሠልጣኝ «ነይ» ሲላት የምትመጣ ተጫዋች ሠራተኛ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

ለደጋፊውም አንድ ነገር እንበል፤ ይህ ወሬ የክለብ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ወልዳ የተነሳች፣ ጠዋት ወጣ ብላ መሮጥ ያማራት ሚስት ወይም እህት ትኖራለች። ለደርቢ 90 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ለክርክሩ ሌላ 90 የሚጨምር ሰው ልጅ ለ45 ደቂቃ መያዝ አያቅተውም። ጠብታ የተኛ ሕፃን ከዳኛ ይልቅ ሰላማዊ ነው።

ከክለቦች የምንጠይቀው ስታዲየም ይሠራ አይደለም። የሚቆለፍ ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ትንሽ ፍሪጅ። ለጉዞ የልጁ ተንከባካቢ የምታድርበት አንድ ተጨማሪ አልጋ። ፌዴሬሽኑ ደግሞ በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት የሴት ተጫዋቾችን ውል ሲያጸድቅ የወሊድ ፈቃድና የማጥባት መብት የሰፈረበት አንቀጽ መኖሩን ይይ። የሌለበትን ውል ማኅተም ሳይመታበት ለክለቡ ይመልስ።